የአማቴ ኮድ

የባሌ አባት ናቸው፤ በመሥሪያ ቤትም አለቃዬ ነበሩ። «ናቸው»፣ «ነበሩ» የምለው አፌ ስለለመደ ነው። አንደበቴ አንቱ ይላቸዋል፤ ልቤ አንተ ካላቸው ግን ቆይቷል።

ድርጅታችን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ለሆስፒታሎች ያከፋፍላል። አንድ ካርቶን ጓንት እንኳ ከመጋዘን የሚወጣው ትልቁ ማሽን «ይውጣ» ሲል ነው። ትልቁ ማሽን የምንለው ኮምፒውተር እኛ ዘንድ የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ባለበት ከተማ፣ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ፕሮግራመሮቹ ከዚህ ሆነን በመስመር እየገባን ኮዱን እንጽፋለን፣ እናርማለን። ከመካከላችን ማሽኑን በዓይናቸው ያዩት አማቴ ብቻ ናቸው፤ እሱንም ሲተከል አንዴ ነው። ስለ እሱ ሲያወሩ ግን እልፍኝ ገብቶ ለንጉሥ እጅ ነሥቶ የተመለሰ ሰው ነው የሚመስሉት። «ድምፁ ራሱ ሌላ ነው» ይላሉ። ያ ድምፅ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ መሆኑን ለማንም ነግረው አያውቁም።

ፊት ለፊት ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ «ቁልፉ» ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። በትልቁ ማሽን ላይ አንድ ሰው አንዱን ፕሮግራም ለማረም ከከፈተ፣ ሌላው ማየት እንጂ መንካት አይችልም። ሁለት ሰው አንድ ነገር ላይ ጽፎ እንዳያበላሽ የተሠራ ደኅና ሕግ ነው። ቁልፉ ይህን ሕግ አጥር አደረጉት። ጠዋት ገብተው ኮታቸውን ወንበር ላይ ካንጠለጠሉ በኋላ ዋና ዋናዎቹን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይከፍታሉ። አይሠሩባቸውም፤ ይከፍቷቸዋል ብቻ። ከዚያ እግራቸውን አነባብረው ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ መስመር ማረም የፈለገ ሰው ጠረጴዛቸው ድረስ ሄዶ መቆም አለበት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» ይላሉ ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ።

እነግራቸዋለሁ።

«ለምን?»

እሱንም እነግራቸዋለሁ። ደስ ያላቸው ቀን ይዘጉልኛል፤ ያላላቸው ቀን «ነገ ነይ» ይላሉ። ነገ ስሄድ ጉዳዩን እንደ አዲስ ይጠይቁኛል። በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ ክፍል፣ የተማረ ሰው የሞላበት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እጁን እንደሚያወጣ ተማሪ ሆኖ ኖረ። ይህን የታገሥነው እሳቸው ሊቅ ስለሆኑ ነው ብለን ነበር። «ይህን ሁሉ ኮድ ብቻዬን ነው የጻፍኩት» ሲሉ ማን ይከራከራቸዋል?

ባሌን ያገኘሁት በእሳቸው በኩል ነው። የረሱትን መነጽር ሊያደርስ ቢሮ መጣ። በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው፤ ቀና ሳይሉ ተቀበሉት። ያን ጊዜ ትሕትና መስሎኝ ልቤ ራደ። የጥርስ ሐኪም ነው። ቀኑን ሙሉ የሰውን አፍ ሲያስከፍት ይውላል፣ የራሱን አፍ ግን አባቱ ፊት ከፍቶ አያውቅም። ይህን የተረዳሁት ከተጋባን በኋላ ነው።

እሑድ እሑድ ምሳ የምንበላው እነሱ ቤት ነው። ቁልፉ ከገበታው ራስ ይቀመጡና የእኔን ሥራ ለእኔ ያስረዱኛል። የባሌ እናት፣ እትዬ የምላቸው፣ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳህን ያቀባብላሉ። ባላቸው አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር እትዬ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እውነት ነው» ይላሉ። በዚያ ገበታ ላይ ከዚህ ሌላ ቃል ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም።

አዲሱ ነገር ወደ እኛ ክፍል የገባው በእኔ በኩል ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የኮድ ኤዲተር አለ፤ ዛሬ ጀማሪው ሁሉ የሚጽፍበት። እሱን ከትልቁ ማሽን ጋር የሚያገናኝ ተጨማሪ ፕሮግራም መውጣቱን አነበብኩ። በዋናው መሥሪያ ቤት ማሽኑን የሚጠብቅ አንድ ባለሙያ አለ። ድምፁን በስልክ ከማወቅ በቀር መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ማሽን ጠባቂው እንለዋለን። ደውዬ መስመሩን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። «ቁልፉ ያውቃሉ?» አለኝ። «ሲያውቁ ያውቃሉ» አልኩት። ሳቀና ከፈተልኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ኮድ የምናየው በጥቁር ስክሪን ላይ፣ በአረንጓዴ ፊደል፣ በአንድ ጊዜ ሃያ ምናምን መስመር ብቻ ነበር። ያን አሠራር አልንቀውም፤ በእሱ ነው ያደግሁት። ግን ሺህ መስመር ያለውን ፕሮግራም በዚያ ማንበብ ግቢን በአጥር ሽንቁር እንደ ማየት ነው። አሁን ግን በስክሪኔ በስተግራ የፕሮግራሞቹ ስም በሙሉ ተደረደረልኝ። አንዱን ስነካው ከዚያ ሩቅ ከተማ መጥቶ ፊቴ ተዘረጋ፤ ትእዛዙ ሰማያዊ፣ ቁጥሩ ብርቱካን፣ ማስታወሻው ግራጫ። የተሳሳትኩት ቃል ሥር ቀይ መስመር ይሰመርበታል። አንድ ቃል ጽፌ በሁሉም ውስጥ ፈልግልኝ ስለው፣ ቀና ብዬ ዝቅ ሳልል ያለበትን ሁሉ ያመጣልኛል።

አማቴን በቅጡ ያወቅኋቸው ያን ጊዜ ነው። አንዱን ፕሮግራም ከሌላው ጎን አድርጌ ሳስተያይ ልዩነታቸው የስማቸው ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሦስተኛውን ከፈትኩ፤ ያው ነው። ያ በዓመታት የተገነባ የተባለው ሥራ፣ ያ ሲወራለት የኖረው፣ አንድ ፕሮግራም ተጽፎ እየተገለበጠ፣ ለመድኃኒቱ ሌላ ስም፣ ለጓንቱ ሌላ ስም፣ ለኦክስጅኑ ሌላ ስም የተሰጠው ነው። የመጀመሪያው ላይ ያለች አንዲት የፊደል ግድፈት እንኳ እስከ መጨረሻው ድረስ ተከትላቸው ሄዳለች። ለካ ጋዜጣ የሚነበብበት አጥር የሚጠብቀው ይህንን ኖሯል። በሽንቁር ለሚያይ ሰው ሁሉም አዲስ ይመስላል።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርስ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው፤ ደግሞ እሑድ አለ።

ወሬው ግን ደርሷቸዋል። በዚያው እሑድ፣ ሾርባው ገና ሳይነሣ፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ኮዱን ቀለም ቀባሽው አሉ።»

«ኮዱ ያው ነው ጋሼ። ቀለሙ እኔ ስክሪን ላይ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ቀለም የልጅ ነው» አሉ። «ፊደል ያልለየ ነው ሥዕል የሚያየው።»

«እውነት ነው» አሉ እትዬ።

ወደ ባሌ አየሁ። የውኃውን ጆግ አንሥቶ ሞልቶ ባለው ብርጭቆዬ ላይ ሊቀዳልኝ ይሞክራል።

ኦክስጅኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አዲስ የተገዙ ሲሊንደሮች፣ ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ፣ በከባድ መኪና ተጭነው መጋዘን ገቡ። የቆዩት ሊያልቁ ስለነበር ሆስፒታሎቹ አስቀድመው ጠይቀዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ድምፁ ያለ ስልክም የሚሰማ ሰውዬ፣ ሲሊንደሮቹን በሲስተሙ መዝግቦ መውጫ ሲጠይቅ ማሽኑ «ጊዜው ያለፈበት፤ እንዳይወጣ» አለው። ደግሞ ሞከረ፤ ያው። መውጫ ከሌለ ደግሞ ዘበኛው መኪና አያሳልፍም።

ቁልፉ ጉዳዩን ሰምተው ፈገግ አሉ። «ማሽን አይሳሳትም» አሉ። «የሚሳሳት ጫኝና አውራጅ ነው። እንደገና መዝግቡ።»

የመጋዘኑ ሰዎች ያን ሁሉ ሲሊንደር አንድ በአንድ እንደገና መዘገቡ። ማሽኑ መልሶ ያንኑ አለ። ቁልፉ «ይህን ያህል ሰነፎች ናችሁ?» ብለው ሦስተኛ አስመዘገቡ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው ነው።

እኔ በዚያ መሀል ኤዲተሬ ላይ «አገልግሎት ማብቂያ» የሚለውን ፈልጌ አገኘሁት። ነገሩ ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ የዓመቱን ሙሉ አኃዝ ትቶ የኋለኞቹን ሁለቱን ብቻ ያነባል። ሠላሳ ዘጠኝና ከዚያ በታች ከሆኑ የያዝነው ክፍለ ዘመን ነው ይላል፤ ከአርባ ጀምሮ ከሆኑ ግን ያለፈው ነው ብሎ ይወስዳል። ሲጻፍ አርባ ሩቅ ነበር፤ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። የአዲሶቹ ሲሊንደሮች ዕድሜ ግን ረጅም ሆነና ማብቂያቸው አርባ ላይ አረፈ። ማሽኑ ትናንት ከፋብሪካ የወጣውን ብረት አይቶ እናቴ ሳትወለድ አርጅቷል አለ።

ሄጄ ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፣ እንደ ወጉ።

«ይህን ማን አሳየሽ?»

«ፈልጌ አገኘሁት።»

«በዚያ በቀለሙ?»

«አዎ ጋሼ። ማስተካከሉ ብዙ አይደለም፤ ሙሉውን ዓመት እንዲያነብ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙን ቢዘጉልኝ ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ።»

ጋዜጣውን አጠፉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩ። «እኔ የጻፍኩትን እኔ ነኝ የማርመው» አሉ። «ከሠርጉ ስመለስ አየዋለሁ።»

ሠርጉ የእህታቸው ልጅ ነበር፤ በሌላ ከተማ። ቤተሰቡ በሙሉ ሊሄድ ተዘጋጅቷል፤ እኔም ጭምር። በማግሥቱ ቁልፉ ጠዋት ቢሮ ገቡ፣ እንደ ልማዳቸው ፕሮግራሞቹን ከፋፈቱ፣ ኮምፒውተራቸውን እንደበራ ትተው የክፍላቸውን በር ቆልፈው ወጡ። ስልክ አይዙም፤ «የሚፈልገኝ ይጠብቀኝ» ባይ ናቸው። ባሌ ከውጭ መኪና አስነሥቶ ደወለልኝ።

«ሁሉም ገብቷል። አንቺን ነው የምንጠብቀው።»

«አልሄድም። ኦክስጅኑ አልወጣም።»

«አባቴ ስመለስ አየዋለሁ ብሏል እኮ።»

«ሲመለሱ ነዋ።»

ከኋላው የእሳቸው ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማኝ። «ሰው ምን ይላል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አማቷን ሠርግ አላጀበችም ይላል» አልኩት። «ሂዱ።»

ሄዱ።

እኔ በሞባይሌ ማሽን ጠባቂው ጋ ደወልኩ። ቁልፉን ከማሽኑ ላይ አስወጣልኝ፣ የያዟቸው ፕሮግራሞች ይለቀቁልኝ አልኩት። የሳቀልኝ ሰው አሁን አልሳቀም።

«እሳቸውን?» አለ። «አለቃዬን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኔ እንጀራዬን ነው የምፈልገው።»

«ሆስፒታል ኦክስጅን እየጠበቀ ነው።»

«በደብዳቤ ጠይቂኝ። ከእሳቸው ፊርማ ጋር።»

ሠርግ ላይ ካለ ሰው ፊርማ። ይህን ያህል ዘመን የተማረ ሰው ደብዳቤ ሲል ደሜ ፈላ፤ ግን አልጮህኩበትም። ያኔ የጠረጴዛዬ ስልክ ጠራ። ከመጋዘኑ ወደ እኔ የተላለፈች የሆስፒታል ነርስ ናት፤ የሕፃናት ክፍል። ድምፅዋ የረጋ ነው፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ከአዋቂዎቹ ክፍል ሲሊንደር እየተዋስን ነው፤ እነሱም ሊያልቅባቸው ነው፤ መቼ ነው የምትልኩት አለችኝ።

ማሽን ጠባቂው ገና መስመር ላይ ያለበትን ሞባይሌን ከጠረጴዛው ስልክ ጋር አገጣጠምኩና «ለእሱ ንገሪው» አልኳት።

ነገረችው። ያልኩትን አልደገመችም፤ ስለ ፊርማም አልጠየቀችም። ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ልጆች በአልጋቸው ቁጥር ጠራችለት፤ የትኛው ከየትኛው ጋር ሲሊንደር እንደሚጋራ።  ስትጨርስ በዚያኛው ጫፍ የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ወጥተዋል» አለ። «ጀምሪ። እኔ ግን አላየሁም።»

«አላየህም» አልኩት። ጀግና እንዲህ ነው፤ ልጆች እስኪቆጠሩለት ይጠብቃል፣ ከዚያ አላየሁም ይላል። ሆኖም አስወጥቷቸዋል፤ ይህን አልክድበትም።

ሥራው ሥራ ነው፤ ብዙ የሚወራለት አይደለም። የአንድ ሰው ቅጂ ስለሆነ ስሕተቱም ቅጂ ነው። በአንዱ ያስተካከልኩትን በሌላውም፣ በሌላውም። ኤዲተሩ የቀረኝን ቦታ እያሳየኝ ሄድኩ። አንዱ ጋ አንድ ቅንፍ ረስቼ ቀይ መስመር አሰመረብኝ፤ በድሮው አሠራር ቢሆን ስፈልጋት እውል ነበር። ምሳ አልበላሁም። ጨርሼ ለማሽኑ ሳስረክብ ተቀበለኝ። የመጋዘኑን ኃላፊ ደውዬ «አንዱን ብቻ ሞክር» አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋ ሲጽፍ ሰማሁ። ቆየና፣ በዚያ በሚያደነቁር ድምፁ ሳይሆን በሌላ፣ ለራሱ በሚያወራ ድምፅ፣ «ይውጣ አለ» አለኝ።

መኪኖቹ ሲወጡ በመስኮት አየሁ። ነርሷ ማምሻውን ደውላ «ደርሷል» አለችኝና ዘጋች። ሥራ ነበረባት።

ቁልፉ ከሠርግ ሲመለሱ ሁሉንም ነግረዋቸዋል። ቢቆጡኝ ኖሮ አከብራቸው ነበር። አልተቆጡም። ኮታቸውን አንጠልጥለው ፕሮግራሞቻቸውን ከፍተው ጋዜጣቸውን አነበቡ። እኔም ነገሩ በዚሁ ቀረ ብዬ ነበር።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠሩ። ከሆስፒታሎቹ ምስጋና መጥቶላቸዋል፤ ምስጋና ደግሞ ብቻቸውን መብላት አይወዱም። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ የየክፍሉ ኃላፊና የእኛ ክፍል ሰው በሙሉ በተሰበሰበበት፣ የኔ ላፕቶፕ ግድግዳው ላይ እንዲታይ ተደርጎ ተሰክቷል፤ አዲሱን መሣሪያ አሳዪ ተብዬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ገና «ይህ እንዴት እንደተፈታ…» ሲሉ ቁልፉ ተነሡ። ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ተነሡ።

«ከመሄዴ በፊት ለምራቴ አካሄዱን አሳይቻት ነበር» አሉ። «ልጅ ናት፣ ግን ሲነግሯት ትሰማለች። ይህን አዲስ መሣሪያም ወደ ክፍላችን ያስገባሁት እንዲህ ላለው ቀን ብዬ ነው። ከዘመኑ ጋር መራመድ ያስፈልጋል።»

ጭብጨባ ተነሣ። ያጨበጨቡት ፕሮግራመሮች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛቸው ፊት የሚቆሙት። የመጋዘኑ ኃላፊ ብቻ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እኔን ያያል።

ላልናገር ምዬ ነበር የገባሁት። ግን ልጆቹን የምትቆጥረው የነርሷ ድምፅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«ጋሼ» አልኩ፣ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣ በሁለት እጄ ወንበሩን እየጋበዝኩ። «ሥራ አስኪያጁ መሣሪያውን አይተውት አያውቁም። እርስዎ ያስገቡትን እርስዎ ቢያሳዩአቸው ይሻላል።»

እምቢ ማለት አይችሉም፤ አሁን ነው ያስገባሁት ያሉት። መጡ። ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ማውሱን በጥንቃቄ ያዙት። ቀስቷ በግድግዳው ላይ ከጥግ ጥግ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። የኤዲተሩ ምልክት ፊታቸው ነበር፤ አላወቁትም። ከብዙ ማመንታት በኋላ አንዱን ነኩ። ካልኩሌተሩ ተከፈተ። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ዜሮ ወጣ።

ማንም አልሳቀም። እሳቸው ዜሮውን፣ ዜሮው እሳቸውን ሲያዩ ቆዩ። ጣቶቻቸው ሰሌዳው ላይ እንዳረፉ ናቸው፤ ሊዘጉት አልቻሉም። ጆሯቸው ሥር ያለው ቆዳ ቀስ እያለ ቀላ።

በዚያ ደስታ እንደሚሰማኝ አስቤ ነበር፤ ተሰማኝም። ግን ያን ያህል ብቻ ነው ደስታው፤ ከዚያ ቀና ብዬ የሰውን ፊት አየሁ። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። የዋሸውን ሰውዬ ማንም አላየም።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «መብራቱን አብሩት። ጋሼ መንገድ ላይ ነው የሰነበቱት፤ ደክሟቸዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለትልቅ ሰው እንዲህ አይደረግም» አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ክንዴን ያዘችኝ። ይህቺ ሴትዮ ቁልፉን በስንት ስም ስትጠራቸው የኖረች ናት፤ እኔ እንኳ የማልደፍረውን። «ምነው» አለችኝ፣ «ያውም አማትሽን።» ክንዴን አስለቅቄ አለፍኩ። ሰው ትልቅን ማክበር የሚለው ትልቁ ሲዋሽ አብሮ መዋሸትን ነው፤ ሌላውን ጊዜ ማንም አያከብራቸውም።

ባሌ ቤት ቆሞ ጠበቀኝ። ነጩን የሥራ ካፖርት እንኳ አላወለቀም።

«ሰማሁ» አለ።

«ምን ሰማህ?»

«አባቴን ሰው ፊት እንዳዋረድሽው።»

«የዋሹትንስ ሰማህ?»

«ሽማግሌ ነው እኮ። ምን ይጎድልብሻል? ሥራውን እንደሆነ ሁሉም የሠራሽው አንቺ መሆንሽን ያውቃል።»

«ያውቁና ያጨበጭባሉ።»

«እግሩ ላይ ውደቂ አላልኩሽም» አለ። «እሑድ ምሳ ላይ ይቅርታ በይው፤ በቃ። ነገር ይበርዳል።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። ተረቱን በሰማሁ ቁጥር ጅቡን ነበር የምጠላው። ያን ዕለት ግን ስለ ባልየው አሰብኩ፤ ዳር ቆሞ፣ ጅቡ ሽማግሌ ነው እኮ፣ ምን ይጎድልብሻል የሚለውን።

«ይቅርታ አልልም» አልኩት። «እሑድም አልሄድም።»

አኩርፎ መኝታ ቤት ገባ። አባቱን ቢያኮርፍ ኖሮ ተከትዬው እገባ ነበር።

በሥራ በኩል ነገሩ የተጠናቀቀው እኔ ከጠበቅሁት በሌላ መንገድ ነው። አላባረሩኝም። ጠረጴዛዬን ፎቶ ኮፒው አጠገብ አዛወሩልኝና «ለጥንቃቄ» ብለው የኤዲተሩን መስመር ዘጉብኝ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስትተፋ የምትውል ማሽን አጠገብ ተቀምጬ ስከረም ማሽን ጠባቂው ደወለ። አለቆቹ ኮዱን አይተውታል። ያን ሁሉ ቅጂ ወደ አንድ የሚያመጣ ሰው ይፈልጋሉ፤ ከፈለግሽ ካለሽበት ሆነሽ ነው የምትሠሪው አለኝ። «ያቀረብኩሽ እኔ ነኝ» ብሎ ጨመረ። የዚያን ቀን አላየሁም ያለው ሰው ዛሬ ሁሉን አይቷል። ምስጋናዬን ሰጥቼው ሥራውን ያዝኩ።

አሁን የምሠራው ከምግብ ጠረጴዛዬ ነው። ጠዋት ኤዲተሩን ከፍቼ የአማቴን ፕሮግራሞች እያወጣሁ፣ አንዱን ከሌላው እያስተያየሁ፣ ትርፉን እሰርዛለሁ። አማቴ ደግሞ አማካሪ ተደርገዋል። በየስብሰባው ስለ አዲሱ መሣሪያ ንግግር ያደርጋሉ አሉ፤ ሲናገሩም «እኛ» ይላሉ። የሚከፍትላቸው ሰው ተመድቦላቸዋል።

እሑድ ባሌ ብቻውን ይሄዳል።

አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ብቻቸውን እኔ ቤት መጥተው አያውቁም። ለሽምግልና ልከዋቸዋል ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። ገብተው ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ላፕቶፑን አዩ።

«ይቺ ናት?» አሉ።

«ይቺ ናት እትዬ።»

«እዚህ ላይ ነው ያልቻሉት?»

«አዎ» አልኩ።

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ፤ ማንም የለም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው። ሲቀመጡ እንዴት ሆነው ተቀመጡ?»

ነገርኳቸው። መነጽሩን፣ ማውሱን፣ ቀስቷን። እትዬ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሰሙኝ፤ አንዳንዱን ቦታ «ቆይ፣ ቆይ» እያሉ አስደገሙኝ። ካልኩሌተሩ ጋ ስደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ዜሮው ትልቅ ነበር?»

«ግድግዳውን የሞላ።»

ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ድምፅ የለውም ሳቃቸው፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሲስቁ ቆይተው እንባቸው መጣ። እኔ መጀመሪያ አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ዝም ብዬ አየኋቸው። አንዲት ሴት ስንት ዓመት ሳህን ስታቀባብል ኖራ ነው ለአንድ ዜሮ እንዲህ የምትስቀው?

«ልጄን እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አሉ ፊታቸውን በነጠላ ጫፍ እያበሱ። «አባትህ ሲናገር ዝም በል እያልኩ አሳደግሁት። እንግዲህ ዝም አለ።» ከዚያ ወዲያው፣ «እስቲ ያቺን ማውሱን ሲይዙ ድገሚልኝ።»

ስደግምላቸው በሩ ተከፈተና ባሌ ከሥራ ገባ። እናቱን እዚያ ማየቱ ገረመው። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ምንም» አሉት እናቱ። «ያንተ ጉዳይ አይደለም። ጫማህን አውልቅና ግባ።»